ግብር የሌለባት ሴት ለምን ግብር ታሳውቃለች?

(በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



ባለፈው ስብሰባ የቁጠባ ኮሚቴው «ህንድ አገር የኖራችሁት ሦስታችሁ፣ የዚያ አገር ቤተሰቦች ገንዘባቸውንና ግብራቸውን እንዴት እንደሚይዙ አጫውቱን» ብሎ ሲያዘን መጀመሪያ ሳቅን። እኛ የሂሳብ ባለሙያዎች አይደለንም። ሁለታችን ባሎቻችን ለትምህርት ሲሄዱ ልጆቻችንን ይዘን የተከተልን ነን፤ አንዳችን ደግሞ ራሷ ተማሪ ሆና የሄደች ናት። የኖርነው በአንድራ ፕራዴሽ ክፍለ ግዛት፣ ብዙ ኢትዮጵያውያን መምህራን ለሁለተኛና ለሦስተኛ ዲግሪ በሄዱበት የአንድራ ዩኒቨርሲቲ ከተማ በቪሻካፓትናም ነው። የምናውቀው አንድ ደረጃ ከምንወጣና ከምንወርድ ጎረቤቶቻችን ያየነውን፣ እነሱ የነገሩንንና በኋላ ጠይቀን ያረጋገጥነውን ነው። ሆኖም ተቀምጠን ስናወራው ለረጅም ጊዜ ያልገባን አንድ ነገር ትዝ አለን፤ ዛሬ የምናጫውታችሁ በእሱ ዙሪያ ነው።

የህንድ የበጀት ዓመት በፈረንጆቹ ኤፕሪል 1 ጀምሮ ማርች 31 ያልቃል። አብዛኛው ደመወዝተኛና ጡረተኛ ያለፈውን ዓመት ገቢ የሚያሳውቅበት የመጨረሻ ቀን እኛ በነበርንበት ዘመን ጁላይ 31 ነበር፤ መንግሥት አንዳንድ ዓመት ያራዝመዋል። ጁላይ የእኛ ሐምሌ ነው፤ እዚህ ትንንሽ ነጋዴዎች ግብር ለመክፈል በሚሰለፉበት በዚያው ዝናብ ማለት ነው። ሐምሌ ሲገባ የእኛ ሕንጻ ሰዎች በሙሉ በብብታቸው የላስቲክ ማኅደር ይዘው ወደ «ኦዲተር ጋሩ» ይሄዳሉ። ኦዲተር የሚሉት የተፈቀደለትን የሂሳብ አዋቂ ነው፤ «ጋሩ» በቴሉጉ ቋንቋ የአክብሮት መጠሪያ ነው፣ «አቶ» ወይም «ጋሼ» እንደምንለው። እኛን የገረመን ከሚሰለፉት መካከል ደመወዝም ንግድም የሌላቸው የቤት እመቤቶች መኖራቸው ነበር። ከእኛ በታች ባለው ፎቅ የምትኖረውን ጎረቤታችንን አንድ ቀን ጠየቅናት። አካ እንላት ነበር፤ ታላቅ እህት ማለት ነው፣ እኛ እትዬ እንደምንለው።

«ግብር አለብሽ?»

«የለብኝም።»

«ታዲያ ለምን ትሄጃለሽ?»

«ወረቀቱ እንዲኖረኝ።»

መልሷ ያን ጊዜ ምንም አልነገረንም። የገባን ሌላ ነገር ከሰማን በኋላ ነው፤ አካም ብትሆን ይህን ወረቀት ሁልጊዜ ስታወጣ የኖረች ሴት አልነበረችም። ወደ ኋላ መመለስ አለብን።

እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 8 ቀን 2016፣ በእኛ አቆጣጠር ጥቅምት 29 ቀን 2009 ዓ.ም.፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት ገደማ ጠቅላይ ሚኒስትር ናሬንድራ ሞዲ በቴሌቪዥን ቀርበው የ500 እና የ1,000 ሩፒ ኖቶች ከዚያች ሌሊት ጀምሮ መገበያያ መሆናቸው እንደሚያበቃ ተናገሩ። በአገሩ ከሚዘዋወረው ገንዘብ በዋጋ ሲሰላ ከመቶ 86 ያህሉ በእነዚህ ሁለት ኖቶች ነበር። በማግስቱ ባንኮች ዝግ ነበሩ። አሮጌውን ገንዘብ ባንክ ለማስገባት የተሰጠው ጊዜ እስከ ዲሴምበር 30 ነው፤ ሁለት ወር እንኳ አይሞላም። እዚህ አገር በመስከረም 2013 የ10፣ የ50ና የ100 ብር ኖቶች ሲለወጡ የሆነውን ታስታውሳላችሁ፤ ስንቷ እናት ከመቀነቷ፣ ከሞሰቧ ሥር፣ ከፍራሹ ውስጥ ያወጣችውን አይተናል። እዚያም እንዲሁ ነው። የአንድራ ሴቶች መቀነት የላቸውም፤ ያላቸው ፖፑላ ዳባ ነው። ሰናፍጩ፣ እርዱ፣ ከሙኑ በየጎድጓዳው የሚቀመጥበት ክብ የቅመም ዕቃ ነው። ወንድ እጁን የማይሰድበት ቦታ ስለሆነ የቤት እመቤት ገንዘብ እዚያ ይደበቃል ይባላል። ሲበዛ ወደ ሩዝ ቆርቆሮው ያልፋል፣ ከዚያም ወደ ሐር ሳሪዎቹ መሃል።

አካ በሦስተኛው ቀን ወደ እኛ መጣች። ባሏ ወደብ ላይ በጸሐፊነት የሚሠራ፣ ክፉ ያልሆነ ግን ቆንቋና ሰው ነበር። በ14 ዓመት ውስጥ ከቤት ወጪ እየቀነሰች ያጠራቀመችው 1,86,000 ሩፒ ነው። ኮማው ተሳስቶ አይደለም፤ እነሱ መቶ ሺህን «ላክ» ይሉታል፣ ሲጽፉም ከላኩ በኋላ ይከፍሉታል። አንድ ላክ ሰማንያ ስድስት ሺህ ማለት ነው። ባሏ አያውቅም። የባንክ ደብተር ያላት ከእሱ ጋር በጋራ ብቻ ነው። የመጣችው ልታማክረን ሳይሆን ቁጭ ብላ ልታለቅስ ነበር መሰለን፤ ቡና አፍልተን አስተናገድናት።

በመጨረሻ ነገረችው። ሁለት ቀን ዝም አለ። ከዚያ «ከየት አመጣሽው?» ሲላት፣ «ከሰጠኸኝ ውስጥ ያልበላሁት ነው» አለችው። ይህን ስትነግረን እየሳቀች ነበር፤ ያን ቀን ግን እንዳልሳቀች እናውቃለን።

ባልየው የመጀመሪያ ሐሳቡ ሁሉንም በራሱ ሂሳብ ማስገባት ነበር። ኦዲተሩ ከለከለው። አንደኛ፣ በደመወዙ ላይ ያልነበረ ጥሬ ገንዘብ በድንገት ሲገባ ግብር መሥሪያ ቤቱ ምንጩን ይጠይቀዋል። ምንጩ ያልታወቀ ገንዘብ ላይ በዚያው ዓመት መጨረሻ የወጣው ሕግ ግብሩንና ጭማሪውን አንድ ላይ ከመቶ 75 በላይ አድርሶታል። ከአራት እጅ ሦስቱ ይሄዳል ማለት ነው። ሁለተኛ፣ ገንዘቡ የእሷ ነውና በእሷ ስም ይግባ አለው። በስሟ ለማስገባት ደግሞ ከ50,000 ሩፒ በላይ ስለሆነ ፓን ካርድ ያስፈልጋታል።

ፓን የእኛ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ወንድም ነው። አሥር ፊደልና ቁጥር አለው፤ አራተኛው ፊደል ባለቤቱ ግለሰብ፣ ድርጅት ወይም ሌላ መሆኑን ይናገራል። ቅጹን የሞላነው እኛ ቤት ነው። «የአባት ስም» የሚል ቦታ ላይ ስትደርስ እስክሪብቶውን ያዝ አደረገችው። ያገባች ሴትም ብትሆን እዚያ የሚጻፈው የባል ስም ሳይሆን የአባት ነው። «ከትምህርት ቤት ወዲህ የአባቴን ስም ስጽፍ ይህ የመጀመሪያዬ ነው» አለች። እኛ ብናገባም በአባታችን ስም እንደምንጠራ ስንነግራት በጣም ቀናችብን። ካርዱ ሲመጣ ከጥሎሽ ወርቋ ጋር አብራ ቆለፈችበት።

ገንዘቡ ገባ። መንግሥትም ያን ጊዜ የቤት እመቤቶች እስከ 2.5 ላክ ቢያስገቡ እንደማይጠየቁ ተናግሮ ነበርና ሁሉም ተረጋጋ።

ነገሩ ግን እንዲህ ቀላል ያልሆነላቸው ሴቶችም ነበሩ። ጓሊዮር በምትባል ከተማ የምትኖር አንዲት የቤት እመቤት ከ2 ላክ በጥቂት የሚበልጥ ጥሬ ገንዘብ በዚያው ሰሞን አስገብታ ነበር። ከባሏ፣ ከልጇና ከዘመድ የተሰጣትን እያጠራቀመች ለራሷና ለልጇ ያስቀመጠችው ነው ብላ አስረዳች። የግብር ሹሙ አልተቀበላትም፤ ምንጩ ያልታወቀ ገቢ ነው ብሎ ጻፈባት። የመጀመሪያ ይግባኟም ወደቀ። በ2021 ጁን ወር ላይ በአግራ የተቀመጠው የገቢ ግብር ይግባኝ ችሎት ፈረደላት። ችሎቱ የቤት እመቤት ያለ ደመወዝ ቤት እንደምታስተዳድር፣ ከአትክልት ሻጩ፣ ከልብስ ሰፊው፣ ከአስቤዛው ላይ እየቆጠበች ገንዘብ ማጠራቀሟ የታወቀ መሆኑን ተቀብሎ፣ በዚያ የኖት ለውጥ ወቅት የቤት እመቤቶች ያስገቡት እስከ 2.5 ላክ እንደ ገቢ አይቆጠርባቸውም አለ። ለመሰል ጉዳዮችም እንደ አብነት እንዲያገለግል ወሰነ። አንድ ፍርድ ቤት የመቀነት ገንዘብ መኖሩን በጽሑፍ አወቀ ማለት ነው። ደስ ይላል። ግን አምስት ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ነው ያወቀው፤ ይግባኝ ማለት የማትችለዋስ?

አካ በየሐምሌው ማኅደሯን ይዛ መሄድ የጀመረችው ከዚያ ከ2016 ጭንቅ በኋላ ነው። ገንዘቡን በጊዜ ገደብ ተቀማጭ አስቀመጠችው፤ ወለዱ ለግብር አይደርስም፤ እሷ ግን ወለዱን ታሳውቃለች። «ዛሬ ትንሽ ነው። ነገ ሲበዛና ከየት አመጣሽ ሲሉኝ የየዓመቱን አሳያለሁ» ነው ነገሯ። «ወረቀቱ እንዲኖረኝ» ማለቷ ይህ ነበር።

ሌላዋ ጎረቤታችን ባሏ የሞተባት የትምህርት ቤት መምህር ናት፤ ያን ጊዜ 58 ዓመቷ ነው። በባሏ የጡረታ ክፍያ 8 ላክ ባንክ አስቀምጣ በወለዱ ትኖራለች። በዓመት 56,000 ሩፒ ያህል ነው። ባንኩ ከወለዱ ከመቶ 10 እየቆረጠ ለመንግሥት ያስገባል፤ 5,600 ሩፒ። እሷ ግን የባንክ አገልግሎት ዋጋ ይመስላት ነበር! ገቢዋ በጠቅላላው ግብር ከሚጀምርበት ከ2.5 ላክ በጣም በታች ነበር፤ አንድም ሩፒ መቆረጥ አልነበረበትም። ይህን ለመከላከል ፎርም 15ጂ የሚባል አንድ ገጽ ቅጽ ነበረ፤ ከ60 ዓመት በላይ ለሆነ 15ኤች ነው። ዓመቱ ሲጀምር ለባንኩ ከተሰጠ «ገቢዬ ለግብር አይደርስም» የሚል ቃል ስለሆነ አይቆርጥም። ማንም አልነገራትም፤ ፓን ባትሰጥ ኖሮ ደግሞ የሚቆረጠው ከመቶ 20 ይሆን ነበር።

የተቆረጠውን ማስመለሻው አንድ መንገድ ብቻ ነው፤ ገቢን ማሳወቅ። በፓን ቁጥሯ ስም የተቆረጠው ሁሉ በመንግሥት መዝገብ ላይ ተጽፎ ይገኛል። ኦዲተሩ አወጣላት፤ ጊዜው ያላለፈባቸውን ሁለት ዓመታት አሳወቀችና 11,200 ሩፒ በባንክ ሂሳቧ ገባላት። ከዚያ በፊት የነበሩት ዓመታት ግን ቀሩ። ጊዜ ካለፈ ማስመለሱ ትልቅ ልመና ነው፤ እሷም ለልመናው አቅም የለኝም ብላ ተወችው። ስትቆጥረው ለልጇ ሠርግ የሚሆኑ ሁለት ሳሪዎች ዋጋ ነው።

ይህችው መምህር ሌላም ነገር አስተምራናለች። ባሏ ሂሳቡን ሲከፍት ገና ላጤ ስለነበር «ብሞት የሚረከበው» ብሎ ያስመዘገበው ወንድሙን ነው፤ ካገባ በኋላም አልቀየረውም። ሲሞት ባንኩ ለወንድምየው ከፈለ። ደግ ሰው ሆኖ እስከ መጨረሻዋ ሩፒ አስረከባት። የህንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ተረካቢ ሆኖ መመዝገብ ወራሽ አያደርግም፣ ተረካቢው ለሕጋዊ ወራሾች በአደራ የሚይዝ ነው እያለ ደጋግሞ ወስኗል፤ በ1984 በሕይወት መድን ጉዳይ፣ በ2023 ዲሴምበር ደግሞ በአክሲዮን ጉዳይ። ስለዚህ ወንድምየው እምቢ ቢል እንኳ መብቱ የእሷ ነበር። ነገር ግን መብት መኖሩና ከሞተ ባል ወንድም ጋር ችሎት መቆም አንድ አይደለም። እኛ ከዚያ ቀን ጀምሮ ወረቀት ባየን ቁጥር መጀመሪያ የምናየው ያንን መስመር ነው።

አሁን ወደ ባሎች እንምጣ። በህንድ ባልና ሚስት አንድ ላይ ግብር አያሳውቁም፤ እያንዳንዱ በየራሱ ነው። ስለዚህ አንዳንድ ባሎች ብልጥ ነን ይላሉ። ከጎረቤቶቻችን አንዱ 5 ላክ በሚስቱ ስም አስቀምጦ «እሷ ገቢ የላትም፣ ወለዱ ከግብር ነጻ ነው» ብሎ ይፎክር ነበር። አይደለም። ባል ለሚስቱ ገንዘብ መስጠቱ ራሱ ግብር የለበትም፤ ከዚያ ገንዘብ የሚገኘው ወለድ ግን ተመልሶ ከባልየው ገቢ ጋር ይደመራል። የሚስት ስም መጋረጃ እንዳይሆን የተደረገ ነው። ወለዱን እንደገና አስቀምጣ ያ ወለድ ሌላ ወለድ ሲወልድ ግን ያኛው የራሷ ነው። ለቤት ወጪ ከተሰጣት ላይ በቁጠባዋ ያተረፈችውም የእሷ ነው የሚል የቆየ የፍርድ ውሳኔ እንዳለ ኦዲተሩ ነግሮናል። ይህን ስንሰማ የአካን መልስ አስታወስን፤ «ያልበላሁት ነው»።

ወርቅን ሳናነሳ ስለ ህንድ ቤተሰብ ማውራት አይቻልም። ሴት ልጅ ስትዳር ከወላጆቿና ከዘመድ የምታገኘው ወርቅና ስጦታ «ስትሪዳን» ይባላል፣ የሴት ሀብት ማለት ነው። አማች ቤት ሲገባ የቤተሰቡ የሆነ የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2024 ኤፕሪል ላይም ደግሞ እንደተናገረው ግን ፍጹም የራሷ ነው፤ ባል በችግር ቀን ቢጠቀምበት እንኳ የመመለስ ግዴታ አለበት። ግብር ሰብሳቢውም ያውቀዋል፤ ከ1994 ጀምሮ ባለ መመሪያ መሠረት፣ ቤት ሲፈተሽ ለአንዲት ባለትዳር 500 ግራም፣ ላላገባች 250 ግራም፣ ለወንድ 100 ግራም ድረስ ጌጥ አይወሰድም። ወንዶቹ በዚህ ይቀልዳሉ፤ መንግሥት ራሱ አምስተኛ እጃቸው ብቻ ናችሁ ይለናል እያሉ። አካ ግን የወርቋን ክብደትና ማን እንደሰጣት በአንድ የትምህርት ቤት ደብተር ጽፋ ይዛለች፤ የወርቅ ሠሪውን ደረሰኝ በመርፌ ቁልፍ አያይዛ።

ከተመለስን ወዲህ ብዙ ነገር ተቀይሯል፤ ዘመድ ወይም ልጅ እዚያ ያላችሁ የሰማችሁትን ከእኛ ጋር እንዳታምታቱት ባጭሩ እንንገራችሁ። ድሮ ለሴቶች ግብር የሚጀምርበት ገቢ ከወንዶች ከፍ ይል ነበር፤ ያ ከ2012 ጀምሮ ቀርቷል። አሁን ሁለት የስሌት መንገዶች አሉ። በአሮጌው መንገድ ለመድን፣ ለልጅ ትምህርት፣ ለረጅም ጊዜ ቁጠባ ያወጣኸው እስከ 1.5 ላክ ከገቢህ ላይ ይቀነስልሃል። ለሴት ልጅ አሥር ዓመት ሳይሞላት የሚከፈተውና «ሱካንያ ሳምሪዲ» የሚሉት የቁጠባ ደብተርም እዚህ ውስጥ ይገባል፤ በዓመት ከ250 ሩፒ ጀምሮ ይቆጠብበታል። በአዲሱ መንገድ ይህ ቅናሽ የለም፤ ግን የግብሩ መጠን ዝቅ ያለ ነው። ከ2025 ኤፕሪል ጀምሮም በደመወዝና በወለድ ብቻ የሚኖር ሰው ዓመታዊ ገቢው እስከ 12 ላክ ከሆነ ግብሩ ዜሮ ይወጣል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። ዜሮ የሚወጣው ተሰልቶ ነው፤ ገቢው ከ4 ላክ ካለፈ ማሳወቁ አይቀርም። ከ2026 ኤፕሪል 1 ጀምሮ ደግሞ የ1961ዱ ሕግ በአዲስ ሕግ ተተክቶ የአንቀጾቹ ቁጥር ተለዋውጧል፤ የቅጾቹን ስም የነገርናችሁ በእኛ ጊዜ በነበሩት ነው።

እቁብ እንዳላቸው ጠይቃችሁን ነበር። አላቸው። ሴቶቹ በየወሩ ተሰብስበው ገንዘብ ያወጡና ዕጣ ይጣላል፤ ኪቲ ይሉታል፣ ሻይና ሳምቡሳም አለው። የእኛው እቁብ ነው፣ ዳኛው ብቻ ነው የሌለው። አካ ያንንም ትጽፈዋለች፤ በየትኛው ወር ስንት እንዳወጣች፣ ዕጣው መቼ እንደደረሳት፣ ገንዘቡ ባንክ የገባበት ቀን።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እንናገር፤ የሚከፋን አይኑር። ከዚህ ማኅበር አባላት ውስጥ በየወሩ የምታስገቡትን ገንዘብ ደረሰኝ በባላችሁ ወይም በልጃችሁ ስም የምታስጽፉ አላችሁ፤ «ያው አንድ ነን» እያላችሁ። ከእኛ ከሦስታችን አንዷም እስካለፈው ዓመት እንዲሁ ነበረች። አካን ለምን በየሐምሌው ትሰለፊያለሽ ስትላት የኖረችው ራሷ ናት። ባለፈው ዓመት ቤት ኪራይ ለመዋዋል ያላትን ቁጠባ ማሳየት ሲያስፈልጋት ስድስት ዓመት ያጠራቀመችው ሁሉ በሌላ ሰው ስም ሆኖ አገኘችው። ያ ሌላ ሰው አልካዳትም፤ መስክሮ ፈርሞላታል። እሷ ግን ስታስፈርመው የተሰማትን ዛሬም ስትናገረው ፊቷ ይቀየራል። የኮሚቴው ጸሐፊ የደረሰኝ ስም መቀየሪያ ቅጽ ይዛ በር አጠገብ ተቀምጣለች፤ ከቡናው በኋላ የምትፈልጉ ወደ እሷ ሂዱ። የተረካቢውን መስመርም አብራችሁ እዩት።

አካ አሁን በስልክ ታገኘናለች። ባሏ ጡረታ ወጥቷል፤ በሐምሌ ወደ ኦዲተር ጋሩ የምትወስደው እሷ ናት፣ የእሱንም ማኅደር ይዛ።